ለሐዲስ ሌላ፣ ለበድሪያ ሌላ

ዝዋይ፣ ኅዳር 1979 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ሰብስቤ፣

ባለፈው ቅዳሜ ናዝሬት አውቶቡስ ተራ ላይ ሲያገኙኝ እጄን ያዝ አድርገው፣ ያ ሁሉ መንገደኛ እየሰማ፣ «አሰለፈች፣ ምን በድዬሽ ነው እንዲህ የጠፋሽብኝ?» አሉኝ። እኔም «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብዬ አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ። እስከ ሞጆ ድረስ በራሴ ስናደድ ሄድኩ። ከሞጆ በኋላ ንዴቴ ወደ እርስዎ ዞረ። የማያውቅ ሰው ቢጠይቀኝ ባልከፋኝ። እርስዎ ግን ምን እንዳደረጉ ያውቃሉ። ያወቁትን ነገር ደግሞ እንደ ዘመድ ፈገግ ብለው ጠየቁኝ። ስለዚህ ያን ዕለት በሰበብ ያለፍኩትን ጥያቄ አሁን በጽሑፍ እመልሳለሁ። የእርስዎም በደል በጽሑፍ ነበር።

«ውድ» ብዬ የጀመርኩት ለወግ አይደለም። እርስዎ በእውነት ውድ ነበሩ። እኔንና በድሪያን ከትምህርት ቤት ሜዳ አንስተው እዚያው ናዝሬት ፋብሪካው ውስጥ ሥራ ያስገቡን፣ ፈረቃችንን አስተካክለው ጠዋት ጠዋት ልምምድ ያሠሩን፣ እግሬ ሲላጥ ከቤትዎ ሙቅ ውሃና ጨው ይዘው የመጡልኝ እርስዎ ነዎት። ስለ ሩጫ የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ንዴቴ ይህን ያህል ዓመት ሳይበርድ የቆየው ለዚህ ይመስለኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ረስቼው ነበር።

የበድሪያን አባት ቤት አብረን የሄድንበትን ቀን ያስታውሱታል? ጋሽ መሐመድዘይን መስጊዱ አጠገብ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ልብስ ይሰፋሉ። ልጃቸው በቡድን እንድትሮጥ አልፈቀዱም ነበር። እርስዎ ጫማዎን አውልቀው ገቡና ምንጣፉ ላይ አጠገባቸው ተቀመጡ። እሳቸው እንዲህ አሉ፦ «እኔ ሩጫውን ጠልቼ አይደለም። ልጄ ስትሮጥ ሳያት ደስ ይለኛል። የምፈራው የሰው አፍ ነው።»

እርስዎም፣ «የሰውን አፍ ለእኔ ይተዉልኝ። በድሪያ ከዛሬ ጀምሮ የእኔም ልጅ ናት» አሏቸው።

በዚህ ቃል ነው የፈቀዱት። በሳምንቱ የልጃቸውን የሩጫ ሱሪ ራሳቸው ሰፉላት። ጎኑ ላይ ነጭ መስመር ያለው ሰማያዊ ሱሪ። ሌሎቹ ቡድኖች በቁምጣ ሲሮጡ እሷ በዚያ ሱሪ እየሮጠች ትጥላቸው ነበር። እርስዎ ሰዓትዎን ይዘው መስመሩ ዳር ሲቆሙ ፊትዎ ላይ የነበረው ደስታ የአባት ደስታ ነው ብዬ አምን ነበር።

አሁን ወደ ሻሸመኔው ጉዞ ልምጣ። በ1975 የከተሞች የሠራተኞች ውድድር ሻሸመኔ ላይ ተደረገ። የእግር ኳሱም፣ የሩጫውም ቡድን በአንድ አውቶቡስ ሄድን፤ ሁላችንንም የሚመሩት እርስዎ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን በስምንት መቶ ሜትሩ ላይ አንዷ ሯጭ ባለ ሚስማር ጫማዋን የበድሪያ ተረከዝ ላይ ተከለችባት። ቁስሉን ያሰሩት እርስዎ ነዎት። ደሙ በፋሻው ላይ ሲወጣ አይተዋል። «ነገ ዱላ ቅብብሉን ተይው» አሏት። እሷ፣ «ጋሽ ሰብስቤ፣ ተተኪ የለንም እኮ። ልሞክረው» አለች። በማግስቱ ዱላውን ያቀበልኳት እኔ ነኝ፤ በሦስተኛነት ነው ያቀበልኳት። በዚያ እግሯ አንዷን አልፋ ሁለተኛ አስወጣችን። ስትጨርስ ሣሩ ላይ ወደቀች፤ ካልሲዋ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ በውሃ አርሰን ነው ያወለቅነው።

በዚያው ምሽት ሐዲስ ምን ሲያደርግ እንደነበር እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። የእግር ኳስ ቡድናችን አጥቂ ነበር፤ ከተማው ሁሉ ስሙን ይጠራዋል። ማደሪያችን ከነበረው ትምህርት ቤት ወጥቶ መጠጥ ቤት ገባ፣ ከሰው ተጣላ፣ ብርጭቆና ወንበር ሰበረ። ጠዋት ለጨዋታው ሜዳ ላይ የቆመው ዓይኑ ቀልቶ ነው። ከእረፍት በፊት የሻሸመኔውን ተከላካይ ያለ ኳስ ረገጠውና ዳኛው አስወጣው። በጎዶሎ ተጫውተን ተሸነፍን። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አስታወከ። እኛ ሴቶቹ ነን መስኮት ከፍተን አፈር የበተንንበት።

ሞጆ ለምሳ ቆምን። በድሪያ እግሯን መሬት ማስነካት አልቻለችም። ወንድሟ ሽኩር ከአሰብ ጭኖ ሲመጣ እዚያው መንገድ ዳር መኪናውን አቁሞ ነበር፤ እያነከሰች ሲያያት ደነገጠ። ደግፎ ጋቢና ውስጥ አስቀመጣትና እግሯን ወንበሩ ላይ ዘረጋላት። ሻይ አመጣላት። በሩ ክፍት ነው፤ እኔ መወጣጫው ላይ ቆሜያለሁ። እርስዎ ሊጠሩን መጡ። በድሪያ፣ «ጋሽ ሰብስቤ፣ ወንድሜ ሽኩር ነው» አለች። ጨበጡት። የአሰብ መንገድ እንዴት እንደሆነ ጠየቁት። ሽኩርም ለቡድኑ ብሎ አንድ ከረጢት ብርቱካን ሰጠ። ከዚያ ብርቱካን ልጠው ሲበሉ አይቻለሁ፤ አጠገብዎ ነበርኩ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ስንገባ በር ላይ የግድግዳ ጋዜጣው ተለጥፎ ነበር። የስፖርት አስተያየቱን በየሳምንቱ የሚጽፉት እርስዎ ነበሩ። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ማንበብ ለማይችለውም እንዲደርስ በድምፅ ማጉያ ይነበባል። እርስዎ አንድ ሰው ጎበዝ ነው ካሉ በማግስቱ ባለሱቁ ሁሉ ጎበዝ ይለዋል። ሰነፍ ካሉም እንደዚያው። ያን ቀን ሁለቱን ጽሑፎች ከላይና ከታች አድርገው ለጥፈዋቸው ነበር። እስከ ዛሬ በቃሌ ይዣቸዋለሁ።

ከላይ ያለው፦ «ጓድ ሐዲስ በሻሸመኔው ጨዋታ ላይ ያሳየው ስሜታዊነት ከወጣትነትና ከአሸናፊነት ጥማት የመነጨ ነው። ወጣት ሁሉ የሚያልፍበት ነው። ይህን የመሰለ ባለተሰጥኦ ከጎኑ ቆመን ልናበረታታው እንጂ ልናሸማቅቀው አይገባም።»

ከታች ያለው፦ «አንዳንድ ሴት ስፖርተኞቻችን፣ በተለይም የዱላ ቅብብሉን የመጨረሻ ዙር እንድትሮጥ አደራ የተጣለባት፣ ልባቸው ከሩጫው ይልቅ ሌላ ቦታ እንደሆነ በውጤታቸው አሳይተዋል። የቡድኑ አውቶቡስ ቆሞ እየጠበቀ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ከሹፌር ጋር መቀመጥ ለሴት ስፖርተኛ ነውር ነው። እንዲህ ያለው ልቅነት የሠራተኛውን ክብር ያጎድፋል።»

በድምፅ ማጉያው ሲነበብ በድሪያ ከእኔ ጎን ምሳዋን እየበላች ነበር። ጉርሻዋን ዋጠች። ቀጥላ ግን አልጎረሰችም። ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንዱ ሜካኒክ፣ «ጋቢናው ይሞቃል አሉ» አለና ሰዎቹ ሳቁ። እሷ ሳህኗን አንስታ ሄደች። ሩጫ ላይ ያላየሁባትን አረማመድ ያን ቀን አየሁ፤ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ።

ቢሮዎ መጣሁ። የተባባልነውን ረስተውት ከሆነ ላስታውስዎ።

«ጋሽ ሰብስቤ፣ ሽኩር ወንድሟ እንደሆነ ያውቁ የለም እንዴ?» አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ታዲያ ይህን ለምን ጻፉ?»

መነጽርዎን አወለቁ። «አሰለፈች፣ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ኮሚቴው ከሻሸመኔው ውርደት በኋላ ስለ ዲሲፕሊን አንድ ነገር እንድጽፍ ይፈልጋል። ሐዲስን ብነካው ይኮርፋል። እሑድ ከሞጆዎቹ ጋር ስንገጥም ማን ሊያገባልኝ ነው? በድሪያ ጨዋ ልጅ ናት፤ ትችለዋለች።»

«ጨዋ ስለሆነች ነው የሰደቧት?»

«ስድብ አይደለም። ለሴት ልጅ ጠበቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ለራሷ ብዬ ነው።»

ለራሷ ብለው። ይህችን ቃል ስንት ጊዜ አኘኳት መሰለዎት። የሰከረው ልጅ እንዳያዝን ሲሉ የደማችውን ልጅ አሳልፈው ሰጡብን። ያውም አላዋቂ ሆነው አይደለም፤ ቁስሉን በእጅዎ አስረው፣ የወንድሟን እጅ ጨብጠው፣ ብርቱካኑን በልተው ነው።

ጋሽ መሐመድዘይን በማግስቱ ፋብሪካው በር ላይ መጡ። ብዙ አስቆሟቸው። ከቢሮዎ ወጥተው ደረጃው ላይ ሲያነጋግሯቸው እኔ ከፈረቃ እየወጣሁ ነበርና ሰማሁ። «አባት፣ እኛ እኮ የሰጠነው ጠቅላላ አስተያየት ነው። የማንንም ስም አልጠራንም» አሏቸው።

እሳቸው ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «ስሟን ቢጠሩት ይሻለኝ ነበር» አሉ። «ስም ቢጠሩ ኖሮ ያደረገችውን አብረው ይጽፉ ነበር። አሁን ሁሉም በየቤቱ የፈለገውን ይጨምርበታል። እርስዎ ቤቴ መጥተው የነገሩኝን ረሱት?»

ሰዓትዎን አዩና ስብሰባ አለኝ ብለው ገቡ። እኚያ ሰው ደረጃው ላይ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ቆባቸውን አድርገው ሄዱ። ልጃቸውን አልመቱም፣ አልጮሁባትም። «ከእንግዲህ ቤት ትሆኛለሽ» ብቻ ነው ያሏት። በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ ለብሔራዊ ቡድን ምርጫ የምትሄደው እሷ ነበረች፤ ስሟን የላኩትም እርስዎ ነበሩ። በእሷ ቦታ ማንም አልሄደም። ሻሸመኔ የአክስቷ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ እንድትሠራ ላኳት።

የሂስና ግለሂሱ ስብሰባ የተጠራው ከዚያ በኋላ ነው። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ አለማየሁ መድረኩ ላይ፣ እርስዎ ከጎኑ። «በስፖርት ክፍሉ ሥራ ላይ አስተያየት ያለው አለ?» ተባለ። እጄን አወጣሁ።

«ጓድ በድሪያ በሞጆ መንገድ ላይ ያሳየችው ስሜታዊነት ከወጣትነት የመነጨ ነው» ብዬ ጀመርኩ። «ወጣት ሁሉ የሚያልፍበት ነው። ይህችን የመሰለች ባለተሰጥኦ ከጎኗ ቆመን ልናበረታታት እንጂ ልናሸማቅቃት አይገባም።»

ጓድ አለማየሁ፣ «ይሄ የተጻፈው ስለ ሐዲስ አይደለም እንዴ?» አለ።

«ስለ ሐዲስ ነው። ለእሷም የሚሆን መስሎኝ ነው» አልኩ። ቀጥዬ ደግሞ የታችኛውን አልኩት። «አንዳንድ ወንድ ስፖርተኞቻችን፣ በተለይም ግብ እንዲያገባ አደራ የተጣለበት፣ ልባቸው ከኳሱ ይልቅ ሌላ ቦታ እንደሆነ አሳይተዋል። መጠጥ ቤት ማምሸት ለወንድ ስፖርተኛ ነውር ነው። እንዲህ ያለው ልቅነት…»

ከዚህ በላይ አላስጨረሱኝም። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔ ቆሜ ጠበቅኩ። ሳቁ ሲያልቅ፣ «ስለ በድሪያ ሲነበብ ነውር የነበረው ስለ ሐዲስ ሲሆን ለምን አሳቃችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። እርስዎ እስክሪብቶዎን ያገላብጡ ነበር።

ያን ጊዜ ከኋላ ሐዲስ ተነሳ። እኔ ሊሰድበኝ ነው ብዬ ነበር። «አሰለፈች ያለችው ልክ ነው» አለ። «ሻሸመኔ የት እንዳመሸሁ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከመጠጥ ቤቱ ያወጡኝ ጋሽ ሰብስቤ ራሳቸው ናቸው። ባለቤቱን ለምነው ፖሊስ እንዳይጠራብኝ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ያሸነፈን የእኔ ስካር ነው እንጂ የእሷ ሻይ አይደለም። የጻፉባትን ያንሱላት።»

ስብሰባው በሌላ አጀንዳ ታለፈ። እኔ ግን ቢያንስ እውነቱ ተነገረ ብዬ ደስ ብሎኝ አደርኩ። ሰኞ ጠዋት እየሮጥኩ ነው በሩ ላይ የደረስኩት። የተለጠፈውን አነበብኩ።

«ጓድ ሐዲስ በስብሰባው ላይ ያደረገው ቆራጥ ግለሂስ ለስፖርተኞች ሁሉ አርአያ ነው» ይላል። ከሥሩ፣ «በአንጻሩ ጩኸትና ታይታ የሚወዱ አንዳንድ ሴት ስፖርተኞች የስብሰባን መድረክ ለግል ቂም ማወራረጃ አድርገውታል፤ በእነዚህ ላይ አስፈላጊው እርምጃ ይወሰዳል።»

ጋሽ ሰብስቤ፣ እኔና ሐዲስ የተናገርነው አንድ ነገር ነው። አንድ አዳራሽ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ቃል። ከእሱ አፍ ሲወጣ ቆራጥነት ሆነ፤ ከእኔ አፍ ሲወጣ ጩኸት ሆነ። የበድሪያው ያበሳጨኝ ነበር። ይህኛው ግን ዓይኔን ገለጠው። ስለ በድሪያ የጻፉትን በኮሚቴው ግፊት ላመካኘው እየሞከርኩ ነበር። ይህን ሲጽፉ ግን ያስገደደዎት ኮሚቴ አልነበረም። እጅዎ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቢሮ ውስጥ ሆነው ሳያዩት አልቀሩም። ሐዲስ መጣ፣ አነበበው፣ ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ቦጭቆ ቀደደው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ዘበኛው ኑሬ ክላሹን እንደተደገፈ ሳቅ ብሎ፣ «ሐዲስ ነው እኮ፤ ምን ይደረጋል» አለ። እኔ ብቀደው ኖሮ የት አድር እንደነበር እርስዎም ያውቁታል። ሐዲስ ወረቀቱን በእጁ ጨምድዶ ወደ እኔ መጣና፣ «እኔ እኮ ላግዝሽ ብዬ ነው የተናገርኩት» አለኝ። አፍሮ ነበር። «አውቃለሁ» አልኩት። እሱ ላይ ቂም የለኝም። በዚያው ዓመት ወደ ሌላ ቡድን ሄደ። እኔ ከቡድኑም ታገድኩ፣ ከቀን ፈረቃም ወጣሁ። ማታ እየሠራሁ ቀን ተማርኩና የስፖርት አስተማሪ ሆኜ ዝዋይ ተመደብኩ። ያቺ ዱላ ቅብብል የሮጠች ቡድን ዳግመኛ አልቆመችም።

በድሪያ እርስዎን አትጠላዎትም። ይህንንም እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። መስከረም ላይ ሻሸመኔ ሄጄ ሱቋ ውስጥ አብሬያት ዋልኩ። ስለ እርስዎ ሳነሳባት፣ «ጋሽ ሰብስቤ ጥሩ ሰው ናቸው፤ አንድ ቀን ነው የተሳሳቱት» አለች። እኔ በእሷ ፈንታ ተናደድኩ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሱቁን ዘግተን ወደ ቤት ሄድን። ቁልቁለቱ ላይ ሳታስበው እግሯ ፈጠነ፤ እኔም ፈጠንኩ፤ ልክ እንደ ድሮው እኩል ሆንን። ልትሮጥ ነው ብዬ ልቤ ዘለለ። በድንገት ቆም አለች። ነጠላዋን ሰበሰበችና ግራ ቀኟን አየች። ያያት ሰው ካለ ብላ ነው። ከዚያ ቀስ ብላ መራመድ ጀመረች። መንገዱ ላይ ከእኛ በቀር አንድ አህያ ብቻ ነበር።

ምን በድዬሽ ነው ላሉኝ ይህ ይበቃል። እኔ ታግጄ ሌላ እንጀራ አገኘሁ። እሷ ግን ባዶ መንገድ ላይ እንኳ መሮጥ አትችልም።

ጥር ላይ የትምህርት ቤቶች ውድድር ናዝሬት እንደሚደረግና አስተያየቱን በየቀኑ ጽፎ የሚያስነብበው ኮሚቴ ሰብሳቢ እርስዎ እንደሆኑ ደብዳቤ ደርሶናል። የእኔ ልጆች ይመጣሉ። ጉዲቱ የምትባል አለች፤ አማርኛዋ ገና ነው፣ የጠየቋትን ሁሉ በኦሮምኛ ነው የምትመልሰው፣ ሲያሸንፏት በእግሯ አፈር ትረጫለች። ሌላዋ አባቷ የሚያመላልሳት ዓሣ በጫነ መኪና ላይ ነው፤ ከጋቢና ስትወርድ ያዩዋታል። ስለ አሯሯጣቸው የፈለጉትን ይጻፉ። ሲደክሙ ደከሙ፣ ሲያጠፉ አጠፉ ይበሉ፤ አልቀየምም። ነገር ግን አንድ መስመር ከመጻፍዎ በፊት ያችን ልጅ ወንድ ያድርጓትና ያንብቡት። ቃሉ ከተቀየረብዎት አይለጥፉት። ከለጠፉት እኔ ሰሌዳው ሥር እቆማለሁ፤ የሚያልፈውን ሁሉ አስቁሜ አነብለታለሁ። አሁን የምታገድበት ቡድን የለኝም።

በድሪያም ትመጣለች። እኔ ነኝ የለመንኳት፤ ልጆቹን ሜዳ ዳር ሆና እንድታይልኝ። አባቷም እሺ ብለዋል። ሲያዩዋት ወደ ጎን ጠርተው «ይቅር በይኝ» እንዳይሏት። ያን ቀን እኔን እንደያዙኝ እጇንም እንዳይዙት። የሚሉት ነገር ካለዎት ማይክሮፎኑ አጠገብዎ ነው፤ ስሟም በድሪያ መሐመድዘይን ይባላል።

ጤና ይስጥዎ፤ እስከ ጥር።

ያሠለጠኗት
አሰለፈች